ያለ ቁልፍ የሚጠፋ ሞተር
የባጃጅ ማንገራገርና መቆም ምክንያቶች

ሞተር የሚያንገራግረው ነዳጅ ሲሰጠው ወዲያው መፍጠን ሲገባው ለቅጽበት ወደኋላ ሲል፣ ነቅነቅ አድርጎ ከዚያ ሲቀጥል ነው። የሚጠፋው ደግሞ አሽከርካሪው ቁልፉን ሳይነካ በራሱ ጊዜ ሲቆም ነው። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ብልሽት ሁለት ደረጃዎች ናቸው። ምክንያቱ ሳይፈለግ የታለፈ ማንገራገር ውሎ አድሮ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ መብራት ሊለቅ ሲል፣ ከኋላ የጡሩንባ ጩኸት እየተሰማ መጥፋት ይሆናል።

በሐዋሳ ይህ ችግር ከማንኛውም ተሽከርካሪ ይልቅ በባጃጅ ላይ ይታያል። የከተማዋ መሬት ከታቦርና ከአላሙራ ኮረብቶች በስተቀር ሜዳ ነው፤ መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የከተማውን ሰው ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ፣ ከአቶቴ ወደ ሪፈራል፣ ከገብርኤል አደባባይ ወደ አሞራ ገደል የሚያመላልሰው በአብዛኛው ባጃጅ ነው። ጉዞው አጭር፣ መቆሙ ብዙ ነው። ተሳፋሪ ለመጫንና ለማውረድ በየጥቂት መቶ ሜትሩ እየቆመ እንደገና የሚነሳ ሞተር ለማንገራገር የሚያጋልጠውን ሥራ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ከሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ተነስቶ ጭነት ይዞ ይፈጥናል፣ ወዲያው ወደ ሚኒሞ ይመለሳል።

በዚያ ላይ ባጃጅ አንድ ሲሊንደር ብቻ አለው። የተለመደው ባለ አራት ምት ሞተር መጠን ወደ 200 ሲሲ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር እሳት የሚያገኘው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ በመሆኑ፣ በደቂቃ 3000 ዙር ሲሽከረከር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይፈነዳል። በሚኒሞ፣ በደቂቃ 1200 ዙር ገደማ ላይ፣ ቁጥሩ ወደ 10 ይወርዳል። ስድስት ወይም ስምንት ሲሊንደር ያለው የስፖርት መኪና አንዱ ሲሊንደር ቢያመልጠው የቀሩት ይሸከሙታል፤ አሽከርካሪው የሚያውቀው በመንቀጥቀጡ ወይም በዳሽቦርድ ላይ በሚበራው ቢጫ መብራት ነው። ባጃጅ የሚሸከምለት ወንድም የለውም። በሚኒሞ ላይ ጥቂት ፍንዳታዎች በተከታታይ ካመለጡት ይጠፋል። ለሚማር ሰው ግን ይህ ድክመት ጥቅም ነው፤ በትልልቅ ሞተሮች ላይ ተሸፍኖ የሚቀረው ብልሽት እዚህ በግልጽ ይሰማል።

ከመፍታት በፊት የሚጠየቀው

ሞተር እንዲሠራ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው። በልክ የተቀላቀለ ነዳጅና አየር፣ ድብልቁን አፍኖ የሚጨምቅ ኮምፕሬሽን፣ በሰዓቱ የሚደርስ እሳት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ያንገራግራል ወይም ይጠፋል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ጥፋቱ የሚመጣው የትኛው እንደጎደለ ሳይታወቅ ሥራ ሲጀመር ነው። ባጃጁ ጋራዥ እንደገባ ካንዴላ ይቀየራል፤ ካልዳነ ካርቡራተሩ ወርዶ ይታጠባል፤ አሁንም ካልዳነ እሳቱን የሚቆጣጠረው ሲዲአይ ይገዛል። የመጀመሪያው ምርጫ በርካሽነቱ፣ ሁለተኛው በልማድ፣ ሦስተኛው በተስፋ ነው። ባለቤቱ ለሦስቱም ከፍሎ ባጃጁ በማግስቱ ያው ቦታ ላይ ይጠፋል።

ከመፍቻ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ መቼ ነው የሚጠፋው? ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ወይስ ከሞቀ በኋላ? በሚኒሞ ላይ ሲቆም ወይስ ሦስት ሰው ጭኖ ሲነሳ? ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ወይስ ከዝናብ በኋላ? በጉድጓድ ሲነቀነቅ ወይስ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር? እያንዳንዱ መልስ ግማሹን ዝርዝር ይሰርዛል። መሪ ሲዞር የሚጠፋ ባጃጅ የካርቡራተር ችግር ሊኖረው አይችልም ማለት ይቻላል። መሪው አጠገብ የሚታጠፍና የሚዘረጋ የተበጣ ሽቦ ነው የሚፈለገው።

የአጠፋፉ ዓይነትም ይናገራል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሄደ ቁልፍ እንደተዘጋበት ሁሉ ድንገት ጭጭ ካለ፣ የሚጠረጠረው እሳቱ ነው፤ ኤሌክትሪክ ወይ አለ ወይ የለም። ቀስ በቀስ ጉልበት እያነሰው፣ እየተንተፋተፈ፣ ነዳጅ ሲጨመርበት ይበልጥ እየታፈነ ከጠፋ ግን ነዳጁ እየራቀው ነው፤ በካርቡራተሩ ቋት ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳልና። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሙቀት የሚያዳክመው ጥቅልል ሽቦም እያንተፋተፈ ሊያጠፋ ይችላል። ቢሆንም ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ያመለክታል።

ሦስተኛው መረጃ የሚገኘው ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ብቻ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀዝቅዞ በደህና የሚነሳ ሞተር ጋራዥ ውስጥ ምንም አይገኝበትም። ስለዚህ እዚያው መንገድ ዳር ካንዴላው ይፈታል፤ ከካፑ ጋር ተያይዞ የብረቱ ክፍል ከሞተሩ ብረት ጋር ይነካካል፤ ሞተሩ ይዞራል። ከካንዴላው ጉድጓድ የሚተፋ ቤንዚን ሊቀጣጠል ስለሚችል ካንዴላው ከጉድጓዱ ራቅ ተደርጎ ይያዛል፤ እጅም ባዶውን ብረት አይነካም። ሰማያዊና ወፍራም እሳት ከታየ የኤሌክትሪክ ምርመራው ለጊዜው ተዘግቶ ወደ ነዳጅ ይኬዳል። እሳቱ ቀይና ቀጭን ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ካርቡራተሩን መንካት ጊዜ ማባከን ነው።

ካንዴላው በተፈታ እጅ ቀለሙም ይታያል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ ነጭ መሆኑ ነዳጅ ማነሱን ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ መሞቁን፣ በቤንዚን መራሱ እሳት እያጣ ነዳጅ ብቻ መጠጣቱን ያሳያል። ቅባታማ ጥቁር ከሆነ ዘይት ከፒስተኑ ቀለበት ወይም ከቫልቩ ጎማ እያለፈ ነው።

ነዳጅ

በሐዋሳ ከሚያጋጥሙት ምክንያቶች ሁሉ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ነዳጁ ራሱና የሚመጣበት መንገድ ነው። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ ወይም ሰልፉ ሲረዝም ብዙ ባጃጆች የሚቀዱት ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው ነው። ያ ቤንዚን ከማደያ በጀሪካን ወጥቶ፣ ወደ ጠርሙስ ተገልብጦ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የደረሰ ነው። በየመገልበጫው ውሃም አቧራም ሊገባበት ይችላል፤ ትርፍ ለማብዛት ላምባ የሚቀላቀልበትም አጋጣሚ አለ።

ውሃ ያለበትን መለየት ቀላል ነው። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት ከአንድ ኪሎ በታች፣ 740 ግራም ገደማ ስለሆነ ውሃ ሁልጊዜ ከሥሩ ይተኛል። ባጃጁ በጠፋበት ቦታ ከካርቡራተሩ ቋት ሥር ያለችው ትንሽ ብሎን ላላ ብላ የሚወርደው ነዳጅ በንጹሕ ጠርሙስ ክዳን ይያዛል። ክዳኑ ዘንበል ሲል ቤንዚኑ እንደ አንድ ወጥ ፈሳሽ ይፈሳል፤ ውሃ ካለበት ግን ክብ ጠብታ ሆኖ ከሥሩ ለብቻው ይንከባለላል፣ ከቤንዚኑ ጋር አይዋሃድም። አንዲት እንዲህ ያለች ጠብታ ጂግለሩ ላይ ስትቀመጥ፣ ነዳጅ በልክ የምታሳልፈው ቀዳዳ ከመርፌ ዓይን የጠበበች ናትና፣ ሞተሩን ለማጥፋት ትበቃለች። ከዚያ ትንቀሳቀስና ሞተሩ ይነሳል፤ ተመልሳ ትመጣና ያጠፋዋል። «አንዳንዴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደህና ነው» የሚባለው ባጃጅ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው። ካርቡራተሩን ማጠብ ለሁለት ቀን ያድነዋል፤ የነዳጅ ታንኩ ወርዶ ካልተለቀለቀ ውሃው ከዚያው ይመለሳል።

ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሌላ ጠባይ አለው። ላምባ በቀላሉ ስለማይተን ሞተሩ በጠዋት አልነሳም ይላል፤ ከተነሳም በኋላ ጭስ ይበዛዋል፣ ጭነት ሲይዝ ብረት እንደሚመታ ይንኳኳል። በነጭ ወረቀት ላይ የሚንጠባጠብ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ እምብዛም ምልክት አይተውም፤ ላምባ ያለበት ቅባታማ ክብ ይተዋል። መፍትሔው ታንኩን ባዶ ማድረግ ብቻ ነው። ጂግለር በመቀየር የሚድን ነገር የለውም።

ከታንኩ ሳይወጣ ሌላ ተንኮል አለ። ነዳጅ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተር እንዲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አየሩ የሚገባው በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ መተንፈሻ ነው። መተንፈሻዋ በአቧራና በጭቃ ስትደፈን፣ ወይም ክዳኑ ጠፍቶ የታንኩ አፍ በፌስታል ጥብቅ ብሎ ሲታሰር፣ በውስጥ ግፊቱ እየወረደ ነዳጁ መውረድ ያቆማል። ባጃጁ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተጉዞ ይጠፋል፣ ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። አሽከርካሪው ሙቀት ነው ይላል። ማረጋገጫው ሲጠፋ ክዳኑን መክፈት ነው፤ «ፍስስ» የሚል የአየር ድምፅ ተሰምቶ ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ጉዳዩ አለቀ። የመርፌ ሥራ ነው፤ ለዚህ ብልሽት የተቀየረ ሲዲአይ ግን ጥቂት አይደለም።

የነዳጅ ፊልትሮ ሲቆሽሽ ምልክቱ ከዚህ ይለያል። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ደህና ይሠራል፣ ባዶውን ደህና ይሄዳል፣ ሦስት ሰው ይዞ ሲፈጥን ግን ይታፈናል፤ የሚፈልገው ነዳጅ ፊልትሮው ከሚያሳልፈው በለጠ ማለት ነው። በአንጻሩ ሲፈጥን ደህና ሆኖ በሚኒሞ ብቻ የሚጠፋ ሞተር የሚኒሞው ቀጭን መስመር ተደፍኗል። ይህ መስመር ከሁሉ የጠበበ ስለሆነ ባጃጁ ጥቂት ሳምንታት ሲቆም በሚደርቀው ነዳጅ ሙጫ ቀድሞ የሚደፈነው እሱ ነው። የሚጸዳው በታመቀ አየርና በካርቡራተር ማጽጃ ነው፤ በሽቦ የሚጎረጎር ጂግለር ቀዳዳው ሰፍቶ ከዚያ በኋላ ልክ አይሰጥም።

አየርና ከፍታ

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት ለይቶ የሚያውቅበት መሣሪያ ስለሌለው ነዳጁን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ሐዋሳ ላይ ከሚገባው አሥር በመቶ ያህል የበለጠ ነዳጅ ይሰጣል። ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ የሚነደው 14.7 እጅ አየር ለአንድ እጅ ነዳጅ ሲደርስ ነውና ድብልቁ ወደ 13.3 ይወርዳል። ሞተሩ ይሠራል፤ ግን ነዳጅ ይበላል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ከአየሩ ጋር ይቀንሳል።

ይህ በአገር ውስጥ ዝውውርም ይታያል። 1200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ የተስተካከለ ባጃጅ ሐዋሳ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ 2300 ሜትር አልፋ ባለችው አዲስ አበባ የተስተካከለ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ከሚኒሞ ሲነሳም ለአፍታ ያንገራግራል። ልዩነቱ ጥቂት በመቶ በመሆኑ የሚኒሞውን የድብልቅ ብሎን ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቀስ እያሉ በማዞር ይስተካከላል።

ከፍታን መውቀስ ግን ከሚገባው በላይ ተለምዷል። ከፍታ አይለዋወጥም፤ ሰኞም ማክሰኞም ያው ነው። ትናንት ደህና የነበረና ዛሬ የሚጠፋ ባጃጅ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜም የአየር ፊልትሮው ነው። ሐዋሳ ያለችበት የስምጥ ሸለቆ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ከቀላል ድንጋይ የደቀቀ ነው፤ በበጋ ወራት አስፋልት ካልደረሰባቸው ሰፈሮች የሚነሳው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ሲሆን የወረቀት ፊልትሮን በፍጥነት ይደፍናል። የተደፈነ ፊልትሮ አየር ስለሚያሳጣ ድብልቁን ያወፍራል፣ ሞተሩን ያፍናል፣ ጥቁር ጭስ ያስወጣል። ፊልትሮውን አውጥቶ ጥሎ መንዳት ሞተሩን ለጊዜው ያነቃቃዋል፤ የሚገባው አቧራ ግን ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ሌላው መግባት ከሌለበት ቦታ የሚገባው አየር ነው። በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ በሙቀት ሲሰነጠቅ ወይም ጓርኒሲዮኑ ሲበላ ያልተለካ አየር ይሾልካል። ሚኒሞው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ያንገራግራል፣ ነዳጅ ሲቀነስ ማርሚታው ላይ ይተኩሳል። ስንጥቁን ለማግኘት አንዳንዱ ቤንዚን ይረጭበታል፤ በጋለ ሞተር ላይ ይህ እሳት መጥራት ነው። ለዚህ ሥራ የሳሙና ውሃ ይበቃል፤ ውሃው በተረጨበት ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው።

እሳት

የባጃጅ የኤሌክትሪክ መስመር ከፋብሪካ ሲወጣ ቀላል ነው። ማግኔት፣ ሲዲአይ፣ ቦቢና፣ ካንዴላ፣ በመካከሉ ቁልፍ። የሚያወሳስበው በኋላ የሚጨመርበት ነው፤ ለጌጥ የሚቀጣጠሉ ባለቀለም መብራቶች፣ ትልልቅ ስፒከሮች፣ የስልክ ቻርጀር። እነዚህ የሚገናኙት ነባሩን ሽቦ ልጦ በመጠምዘዝና በፕላስተር በመጠቅለል ነው። ፕላስተሩ በሙቀት ይላላል፣ መጋጠሚያው ይዝጋል፣ ባጃጁ ጉድጓድ ሲመታ መስመሩ ለቅጽበት ይቋረጣል። በክረምት፣ ውሃ ከተኛበት መንገድ ሲወጣ የሚያንገራግር ባጃጅም መጀመሪያ መታየት ያለበት በእነዚህ መጋጠሚያዎችና በካንዴላው ካፕ ነው። ፍለጋው መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የሽቦው እሽግ በየቦታው ቀስ እየተባለ ይነቀነቃል፣ ሞተሩ የተንተፋተፈበት ቦታ ይያዛል።

የማሳ ሽቦም አይረሳም። ከሞተሩ ወደ ሻሲው የሚሄደው መስመር ብሎኑ ሲላላ ወይም ሲዝግ እሳቱ ይዳከማል፤ ብሎኑን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ማጥበቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። እሳቱን ከማግኔቱ በቀጥታ በሚወስዱት ሞዴሎች ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። በእነሱ ቁልፉ ሞተሩን የሚያጠፋው አንድ ሽቦ ከማሳ ጋር በማገናኘት ነው፤ ያ ሽቦ ተበጥቶ ሻሲውን ሲነካ ሞተሩ ቁልፍ እንደተዘጋበት ይጠፋል።

ቦቢናና በማግኔቱ አጠገብ ያለው ጥቅልል በሙቀት የሚደክሙ ናቸው። ቀዝቃዛ ሳሉ ደህና ይሰጣሉ፤ ሲሞቁ በውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ይላቀቃል። የሚለዩት ሞተሩ ሞቆ በጠፋበት ጊዜ እሳት በማየት ብቻ ነው።

ሙቀትና ቫልቭ

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከኋላ ተደብቆ ሲቀመጥ ሕይወቱ በማራገቢያው ላይ ነው። የማራገቢያው መግቢያና የሲሊንደሩ ክንፎች በጭቃ፣ በሣርና በዘይት ሲደፈኑ ሞተሩ በቀትር ይግላል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ይጠፋል። ማጠቡ በቂ ነው፤ ግን የሚታጠበው ሲቀዘቅዝ ነው።

ቫልቭ ብዙ ጊዜ ከሁሉ በኋላ ነው የሚታሰበው፤ ከዚያ ቀድሞ መታየት ነበረበት። የጭስ ቫልቩ ክፍተት በሥራ ብዛት ሲጠብ፣ ቫልቩ በሙቀት ሲረዝም ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ይቀራል፣ ኮምፕሬሽኑም ያመልጣል። ቀዝቃዛውን ባጃጅ ማንም አይጠረጥረውም፤ ሞቆ ሲጠፋ ግን እስኪቀዘቅዝ አይነሳም። ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ ሳለ፣ በመለኪያ ቅጠል፣ በአምራቹ መመሪያ ቁጥር መሠረት ነው። ከተስተካከለም በኋላ ኮምፕሬሽኑ ካልተመለሰ ቫልቩ ተቃጥሏል ወይም የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል፤ ሞተሩ መከፈት ያለበት እዚህ ሲደረስ ነው።

ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች

ቪትዝን በመሰለ መኪና ላይ ነዳጁን የሚለካው ኮምፒውተር ነው። ሴንሰሮቹ የአየሩን መጠን ወይም ግፊት ስለሚነግሩት ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፤ የከፍታ ጣጣ በዚህ ያበቃል። መብራት ላይ ሲቆም የሚጠፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአየር መግቢያው በር በጥላሸት ተዘግቶ ሚኒሞውን የሚይዘው አየር አንሶታል። ረጅም መንገድ ተጉዞ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የክራንክ ሴንሰሩና በታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ፓምፕ ይጠረጠራሉ፤ ታንኩን ሁልጊዜ ባዶ ሊሆን ሲል የመንዳት ልማድ ፓምፑ በነዳጅ እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል። በኮምፒውተር የሚነበበው ኮድ የሚነግረው ችግሩ የተሰማበትን መስመር ነው። የቆሸሸ ነዳጅ የኦክስጅን ሴንሰር ኮድ ሊያወጣ ይችላል፤ ኮዱን ብቻ አይቶ ሴንሰር የሚገዛ ሰው ከላይ እንደተጠቀሰው ሲዲአይ ገዢ ይሆናል።

ከጥገና በኋላ ያለው ፈተና ብልሽቱ በታየበት ሁኔታ መደረግ አለበት። ሞቆ ሲጭን ይጠፋ የነበረ ባጃጅ በጋራዡ በር ላይ ባዶውን ተነስቶ ስለሠራ አልዳነም፤ በቀትር፣ ሦስት ሰው ይዞ፣ ከዚህ በፊት ይጠፋበት ከነበረው ጊዜ በላይ መሄድ አለበት። በአንድ ጊዜ የሚለወጠውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ካንዴላ፣ ፊልትሮና የነዳጅ ቱቦ በአንድ ቀን ከተቀየሩ ባጃጁ ቢድንም የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ አሮጌው ካንዴላም ደህና ሆኖ ሳለ ይጣላል።